ሄሊካል ማርሽ በተሸከመ ዘንግ ላይ የኩሽኔታ ጭነት እንዴት ይሰላል?

በጣሊያን ርእሰ ከተማ በሮም ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ሮማኒና በተባለው ሰፈር፣ ሰላም ፓላስ በሚል ስም የሚታወቅ ሕንፃ ይገኛል። ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን ለመጡ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ስደተኞች መጠለያ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድር የመካኒክነት ሙያ ያለው ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው የትምህርት ማስረጃው በመንገድ መቅረቱ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ጣሊያንን ጨምሮ በአራት አገሮች በሙከራ የጀመረው የስደተኞች የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት የተዘጋጀው ሰነዳቸው ላልተሟላ ሰዎች ነው፤ ያለውን ወረቀት በመመርመርና ባለቤቱን በቃለ መጠይቅ በማነጋገር የትምህርት ደረጃውን ይገመግማል። ሁለተኛው ችግር ግን በማንም ኮሚቴ አይፈታም፤ ዕውቀት ካልተሠራበት ይዝጋል።

ለኢትዮጵያዊ መካኒክ ግን በሮም የሚጠብቀው አንድ መልካም ነገር አለ። ከአገሩ ይዞት የመጣው የሙያ ቋንቋ በከፊል ጣሊያንኛ ነው። ብሎን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ የዚህ ትምህርት ዋና ጉዳይ የሆነው ኩሽኔታም እንዲሁ። ኩሽኔታ በጣሊያንኛ ፍቺው «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። የሚሽከረከር ዘንግ የሚያርፍበት ትራስ ማለት ነውና ስያሜው ለሥራው የተገባ ነው። ጥያቄው በዚያ ትራስ ላይ ስንት ኒውተን ጭነት ያርፋል? የሚለው ነው። ቀጥሎ የቀረበው ትምህርት ይህን ጥያቄ በዘመናዊ የማርሽ ሳጥኖች ውስጥ በብዛት በሚገኘው በሄሊካል ማርሽ ላይ ያሰላል።

ሰያፍ ጥርስ የሚሰጠውና የሚያስከፍለው

ቀጥ ያለ ጥርስ ያላቸው ሁለት ማርሾች ሲነካከሱ የአንዱ ጥርስ በሙሉ ወርዱ በአንድ ጊዜ ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ በአንድ ጊዜም ይላቀቃል። እያንዳንዱ ግንኙነት አነስተኛ ምት ስለሆነ ድምፅ ያወጣል። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው የማርሽ ጩኸት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የኋላ ማርሽ ጥርሶች ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያሉ ናቸውና።

ሄሊካል ማርሽ ጥርሶቹ በሰያፍ የተቀረጹ ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ጥርስ ከአንድ ጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይነክሳል፤ እርሱ ሳይላቀቅም ሌላው ተከትሎ ይገባል። ጭነቱ በበርካታ ጥርሶች ስለሚከፋፈል ማርሹ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጉልበቱም የበረታ ይሆናል። ይህ ጥቅም ግን በነጻ አይገኝም። ሰያፍ በሆነ ገጽ ላይ የሚያርፍ ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ያመልጣል። የማርሹ ጥርስ ሲገፋ ዘንጉ ከመዞሩ በተጨማሪ በቁመቱ አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን ለመንሸራተት ይገደዳል። የሄሊካል ማርሽ ስሌት ከቀጥተኛው ማርሽ ስሌት የሚለየው በዚህ ግፊት ነው።

ሦስቱ ኃይሎች

በሁለቱ ማርሾች መነካከሻ ነጥብ ላይ የሚያርፈው ኃይል አንድ ነው፤ ለስሌት ግን እርስ በርሳቸው ቀጥ ባለ አንግል በሚገናኙ ሦስት ኃይሎች ይተነተናል።

የመጀመሪያው አዟሪ ኃይል ነው። የማርሹን ክብ ተከትሎ የሚገፋና ሥራውን የሚሠራው እርሱ ነው። ሁለተኛው አራራቂ ኃይል ነው፤ ሁለቱን ማርሾች እርስ በርስ ለማራራቅ ከመነካከሻው ወደ ዘንጉ መሐል ይገፋል። ሦስተኛው ቁመታዊ ግፊት ነው፤ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ አንዱ ጫፍ ይገፋል። ቀመሮቻቸው የሚከተሉት ናቸው፦

አዟሪ ኃይል = 2 × ቶርክ ÷ የማርሹ የሥራ ዲያሜትር

ቁመታዊ ግፊት = አዟሪ ኃይል × የሰያፍ አንግል ታንጀንት

አራራቂ ኃይል = አዟሪ ኃይል × የግፊት አንግል ታንጀንት ÷ የሰያፍ አንግል ኮሳይን

የሰያፍ አንግል ማለት ጥርሱ ከዘንጉ አቅጣጫ ያዘነበለበት መጠን ነው። የግፊት አንግል ደግሞ የጥርሱን ጎን ቅርጽ የሚወስን ሲሆን በአብዛኞቹ ማርሾች 20° ነው። የሰያፍ አንግሉ ዜሮ ቢሆን ቁመታዊው ግፊት ይጠፋል፤ ማርሹም ቀጥ ያለ ጥርስ ያለው ይሆናል።

ቁመታዊው ግፊት ወደ የትኛው ጫፍ እንደሚሄድ ለማወቅ እጅን መጠቀም ይቻላል። የአንቀሳቃሹ ማርሽ ጥርስ የቀኝ ሰያፍ ከሆነ ቀኝ እጅን፣ የግራ ሰያፍ ከሆነ ግራ እጅን መውሰድ ነው። አራቱ ጣቶች ማርሹ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲታጠፉ አውራ ጣት የሚያመለክተው በአንቀሳቃሹ ማርሽ ላይ የሚያርፈውን ግፊት አቅጣጫ ነው። በተነጂው ማርሽ ላይ የሚያርፈው ግፊት የዚህ ተቃራኒ ነው። የመዞሪያው አቅጣጫ ከተገለበጠ ግፊቱም ይገለበጣል።

የስሌት ምሳሌ

አንድ ዘንግ 10 ኪሎ ዋት ኃይል እያስተላለፈ በደቂቃ 478 ጊዜ ይዞራል እንበል። በላዩ የተተከለው ሄሊካል ማርሽ የሥራ ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ የሰያፍ አንግሉ 20°፣ የግፊት አንግሉም 20° ነው። ዘንጉ በሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ያርፋል፤ በግራ ያለው «ሀ»፣ በቀኝ ያለው «ለ» ይባል። በመካከላቸው 200 ሚሊ ሜትር ርቀት ሲኖር ማርሹ በትክክል መሐል ላይ ነው። ተጓዳኙ ማርሽ ከላይ በኩል ይነክሳል፤ ቁመታዊው ግፊት ወደ «ለ» ነው። የማርሹና የዘንጉ ክብደት ከሌሎቹ ኃይሎች አንጻር አነስተኛ በመሆኑ ይተዋል።

ቶርክ = 9550 × 10 ÷ 478 = 200 ኒውተን ሜትር ገደማ

አዟሪ ኃይል = 2 × 200 ÷ 0.2 = 2000 ኒውተን

ቁመታዊ ግፊት = 2000 × 0.364 = 728 ኒውተን

አራራቂ ኃይል = 2000 × 0.364 ÷ 0.940 = 775 ኒውተን ገደማ

ቀጣዩ ሥራ እነዚህን ኃይሎች ለሁለቱ ኩሽኔታዎች ማካፈል ነው። ይህም በሁለት ገጽታ ይከናወናል። በአግድም ገጽታ ያለው አዟሪ ኃይል ብቻ ነው። ማርሹ መሐል ላይ ስለሆነ 2000 ኒውተኑ እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ኩሽኔታ 1000 ኒውተን ይይዛል።

በቁም ገጽታ ግን ሁለት ነገር አለ። አራራቂው ኃይል ወደ ታች ሲጫን ለእያንዳንዱ ኩሽኔታ 387.5 ኒውተን ይደርሰዋል። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ቁመታዊው ግፊት ግን የሚያርፈው በዘንጉ መሐል ሳይሆን ከመሐሉ 100 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በማርሹ ጠርዝ ላይ ነው። ረጅም ቁም ሳጥን ከላይኛው ጫፉ ሲገፋ በሚገፋበት አቅጣጫ ያሉት እግሮች መሬቱን አጥብቀው ይጫናሉ፤ የኋለኞቹ ደግሞ ይቀላሉ። በዘንጉም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

የማዘንበል ሞመንት = 728 × 0.1 = 72.8 ኒውተን ሜትር

በእያንዳንዱ ኩሽኔታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ = 72.8 ÷ 0.2 = 364 ኒውተን

ይህ ለውጥ በ«ለ» ላይ ይደመራል፤ ከ«ሀ» ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በቁም ገጽታ «ለ» 751.5 ኒውተን ሲሸከም «ሀ» የሚሸከመው 23.5 ኒውተን ብቻ ነው። የሁለቱ ገጽታዎች ውጤት በፓይታጎረስ ሕግ ይጣመራል።

ጭነት በ«ሀ» = የ(1000² + 23.5²) ስኩዌር ሩት = 1000 ኒውተን

ጭነት በ«ለ» = የ(1000² + 751.5²) ስኩዌር ሩት = 1251 ኒውተን

ማርሹ በትክክል መሐል ላይ ሆኖ ሳለ አንዱ ኩሽኔታ ከሌላው 25 በመቶ የበለጠ ተጭኗል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ የሚቀንሰው በጭነቱ ሦስተኛ ርቢ መጠን ነው። 1.25 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.95 ይሆናል፤ ማለትም ዘንጉን በቁመቱ የሚይዘው ማን እንደሆነ ገና ሳይታሰብ የ«ለ» ዕድሜ በግማሽ ተቀንሷል።

ግፊቱን የሚይዘው ማን ይሁን?

የዘንግን ቁመታዊ ግፊት መሸከም ዘመናዊ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከሰላም ፓላስ በቀጥታ መስመር 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በአልባን ኮረብታዎች መካከል፣ የኔሚ ሐይቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሐይቁ ውሃ ዝቅ እንዲል ሲደረግ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራቸው ሁለት ግዙፍ መርከቦች ወጥተዋል። ከቅሪቶቹ መካከል በነሐስ ኳሶች ላይ የሚዞር የእንጨት መድረክ ክፍሎች ተገኝተዋል። ከላይ ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ኳሶቹ ተሸክመው መድረኩን ያዞሩ ነበር። መርከቦቹ እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1944 በእሳት ቢወድሙም ግኝቱ በመዞሪያው ዘንግ አቅጣጫ የሚመጣን ጭነት በኳስ የመሸከም ሐሳብ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ያሳያል።

ወደ ምሳሌው ሲመለሱ 728 ኒውተን የሆነውን ቁመታዊ ግፊት ከሁለቱ ኩሽኔታዎች አንዱ ብቻ ሊይዘው ይገባል። እርሱ በሁለቱም ጎኑ ታስሮ ዘንጉ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ሁለተኛው በቁመት አቅጣጫ ነጻ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱም ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው 200 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ከሳጥኑ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ በልጦ ቢሞቅ 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለቱም ኩሽኔታዎች ከታሰሩ ይህ ርዝመት መሄጃ ስለሚያጣ በስሌቱ ያልነበረ ከባድ ግፊት ይፈጥራል።

ታዲያ የሚታሰረው የትኛው ነው? ግፊቱ ወደ «ለ» ስለሚሄድ «ለ» ይታሰር ማለት ተፈጥሯዊ ይመስላል። ነገር ግን በመቀርቀሪያ ቀለበት ወይም በዳዶ ከዘንጉ ጋር የተያያዘ ኩሽኔታ ዘንጉን ወደ ኋላ ስቦ መያዝም ይችላል፤ ስለዚህ «ሀ»ም ለዚህ ሥራ ብቁ ነው። ምርጫውን የሚወስነው ስሌቱ ነው።

ባለ አንድ ረድፍ የኳስ ኩሽኔታ ሁለቱን ዓይነት ጭነት በአንድነት ሲሸከም አቻ ጭነት የሚባለው ይሰላል። የአምራቾች ካታሎግ ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የጎን ጭነቱን በ0.56፣ ቁመታዊውን ግፊት ደግሞ እንደ ኩሽኔታው መጠን በሚለያይ ቁጥር አባዝቶ መደመርን ያዛል። በዚህ ምሳሌ ሁለተኛው ቁጥር 1.6 ተደርጎ ተወስዷል።

«ለ» ቢታሰር፦ 0.56 × 1251 + 1.6 × 728 = 1865 ኒውተን

«ሀ» ቢታሰር፦ 0.56 × 1000 + 1.6 × 728 = 1725 ኒውተን

«ለ» ሲታሰር አንዱ ኩሽኔታ 1865፣ ሌላው 1000 ኒውተን ይይዛል። «ሀ» ሲታሰር ደግሞ አንዱ 1725፣ ሌላው 1251 ኒውተን ይይዛል። ሁለተኛው አደራረግ ጭነቱን በተሻለ ሁኔታ ያመጣጥናል።

ቁጥሩ በሰዓት ሲመነዘር

የኩሽኔታን ዕድሜ ለማግኘት በካታሎግ የሚሰጠው ዳይናሚክ የመሸከም አቅም ለአቻ ጭነቱ ይካፈላል፤ ውጤቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ዕድሜው በሚሊዮን ዙር ይገኛል። ይህ ዕድሜ ከተመሳሳይ ኩሽኔታዎች መካከል 90 በመቶ የሚሆኑት ሳይበላሹ የሚደርሱበት ነው። የኩሽኔታው አቅም 20,000 ኒውተን ነው ቢባል ከሁለቱ ኩሽኔታዎች የበለጠ የሚጫነው ዕድሜ እንደሚከተለው ይሆናል፦

ቁመታዊው ግፊት ጨርሶ ቢረሳ (1073 ኒውተን)፦ 226,000 ሰዓት ገደማ

«ለ» ቢታሰር (1865 ኒውተን)፦ 43,000 ሰዓት ገደማ

«ሀ» ቢታሰር (1725 ኒውተን)፦ 54,000 ሰዓት ገደማ

ሌት ተቀን ለሚሠራ ማሽን 226,000 ሰዓት ከ25 ዓመት በላይ ነው፤ 43,000 ሰዓት ግን አምስት ዓመት አይሞላም። ግፊቱን የረሳው ባለሙያ ከእውነቱ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ዕድሜ ቃል ገብቷል። በሌላ በኩል የሚታሰረውን ኩሽኔታ በስሌት የመረጠው አንድም ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ፣ በዚያው ኩሽኔታና በዚያው ዘንግ፣ ከሩብ በላይ ዕድሜ ጨምሯል።

በጥገና ሥራ ላይም ይህ ስሌት ምልክት አለው። ከሁለቱ ኩሽኔታዎች አንዱ ብቻ ደጋግሞ ሲበላሽ ጥፋቱን ሁልጊዜ በዕቃው ጥራት ላይ መጣል አይገባም። የተበላሸው ኩሽኔታ ተከፍቶ ሲታይ የኳሶቹ መሄጃ ፈለግ ከቦዩ መሐል ወጥቶ ወደ አንድ ጠርዝ ከተጠጋ ኩሽኔታው ቁመታዊ ግፊት ተሸክሟል ማለት ነው። ነጻ ሊሆን የሚገባው ኩሽኔታ ይህን ምልክት ካሳየ በዘንጉ ወይም በቤቱ ላይ እንዳይንሸራተት የያዘው ነገር መኖሩ መመርመር አለበት።

ግፊቱን ማጣፋትና መሸሽ

ቁመታዊው ግፊት ሲበረታ ከኳስ ኩሽኔታ ይልቅ ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ይመረጣል። ሌላው መንገድ ግፊቱን በግፊት ማጣፋት ነው። በአንድ ማርሽ ላይ የቀኝና የግራ ሰያፍ ጥርሶች ጎን ለጎን ሲቀረጹ ሁለቱ ግፊቶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ፈረንሳዊው አንድሬ ሲትሮየን እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ፖላንድ በተጓዘ ጊዜ ይህን ዓይነት ማርሽ ተመልክቶ የአሠራሩን መብት ገዝቷል። በሲትሮየን መኪኖች ፊት የሚታዩት ወደ ላይ የሾሉ ሁለት ምልክቶች የዚያ ማርሽ ጥርሶች ሥዕል ናቸው። ችግሩ እንዲህ ያለውን ማርሽ መቅረጽ አስቸጋሪና ውድ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማርሹን ጨርሶ ማስቀረት ነው። የዚህ ምሳሌ በኢትዮጵያ ይገኛል። በአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከሉት እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች የማርሽ ሳጥን የላቸውም፤ የነፋሱ መዘውር ጄኔሬተሩን በቀጥታ ያዞራል። እንዲህ ሲሆን የማርሽ ግፊት አይኖርም፤ ነፋሱ ራሱ መዘውሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ግን የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ቁመታዊ ግፊትን ማሰቡ አይቀርም።

ለልምምድ

ከላይ በቀረበው ምሳሌ ማርሹ ከመሐል ተነሥቶ ከ«ሀ» 50፣ ከ«ለ» 150 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ቢተከል፣ ኃይሎቹም ሆኑ የግፊቱ አቅጣጫ ሳይለወጡ፣ የሚታሰረው ኩሽኔታ የትኛው መሆን አለበት? አንባቢው መልሱን ከማየቱ በፊት በራሱ ቢሞክረው ይመረጣል።

መልሱ የሚከተለው ነው። በአግድም ገጽታ «ሀ» 1500፣ «ለ» 500 ኒውተን ይይዛሉ። በቁም ገጽታ ከአራራቂው ኃይል ለ«ሀ» 581፣ ለ«ለ» 194 ኒውተን ይደርሳል፤ በማዘንበሉ የሚመጣው 364 ኒውተን ከ«ሀ» ተቀንሶ በ«ለ» ላይ ሲደመር «ሀ» 217፣ «ለ» 558 ኒውተን ይሆናሉ። ሲጣመሩ «ሀ» 1516፣ «ለ» 749 ኒውተን ይሸከማሉ። «ሀ» ቢታሰር አቻ ጭነቱ 2014 ኒውተን ይደርሳል። «ለ» ቢታሰር ግን 1584 ብቻ ነው፤ ነጻ የሆነው «ሀ» ደግሞ 1516 ይይዛል። ስለዚህ በዚህኛው አደራረግ የሚታሰረው «ለ» ነው፤ ይበልጥ የተጫነው ኩሽኔታ ዕድሜም «ሀ» ቢታሰር ከሚኖረው በእጥፍ ይበልጣል።

ማርሹ መሐል ላይ ሳለ ትክክል የነበረው ምርጫ ማርሹ 50 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ስሕተት ሆኗል። በልምድ የተያዘ ደንብ ይህን አይለይም። የሚለየው ሦስቱን ኃይሎች ፈልጎ፣ በሁለቱ ገጽታዎች አካፍሎ፣ ቁመታዊውን ግፊት በሁለቱም ኩሽኔታዎች ላይ በየተራ ሞክሮ የሚወስን ሰው ነው፤ ለዚህም ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር የሚያስፈልገው የአምራቹ ካታሎግ ብቻ ነው።